ወፍራሞቹ ፓዶች

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 5

ለዚህ ሁሉ ተጠያቂው ዌንደል ሹክ ነው። ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ስሙ እዚህ ይቀመጥ። ከወንበሬ ያስነሡኝ እንደሆነ፣ ይህን ደብተር ያገኘ ሰው ማን እንዳደረገው ይወቅ።

ሚስ ኦቲንገር በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ፊደል ስታስቆጥረኝ ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ ቆይቶ ነበር። እጅሽ እንዳይረሳ በየቀኑ የሆነውን ጻፊ ብላኝ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ሾርባው፣ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ትዊላ ጉንፋን ስጽፍ ኖሬያለሁ። ዘንድሮ የምጽፈው ሌላ ነው።

በፋብሪካው ውስጥ የመጨረሻው ወንበር የኔ ነው። ሳክስፎኑ ተሠርቶ፣ ተወልውሎ፣ ቁልፎቹ ተገጥመውለት እኔ ዘንድ ይደርሳል። በየቁልፉ ሆድ ውስጥ ቀዳዳውን የሚደፍን ቆዳ የለበሰ ክብ ነገር አለ፤ ፓድ እንለዋለን። አምፖል ወደ ሳክስፎኑ ውስጥ አስገብቼ በፓዶቹ ዳር ብርሃን የሚያሾልክ እንዳለ አያለሁ። ከዚያ እነፋለሁ፤ አዳምጣለሁ። ካሳለፍኩት ደወል ከምንለው ሰፊ አፉ አጠገብ ካለው ቁልፍ ሥር የቁራ እግር የምትመስል ጭረት አኖርበታለሁ። ፊደል ሳላውቅ ጀምሮ ፊርማዬ እሷ ናት።

ከገና በኋላ ዌንደል ሹክ የክፍሉ ኃላፊ ሆነና የፓዱን አቅራቢ ለወጠ። ሰማያዊ የነበረው ሣጥን ቢጫ ሆነ። ከዚያን ቀን ወዲህ የምነፋው ሁሉ ትራስ ውስጥ የተወሸቀ ይመስላል። ፓዱ ወፍራም ነው አልኩት። "ያው ነው ቨርዲ፣ ሣጥኑ ብቻ ነው የተለወጠው" አለኝ። ለክቼዋለሁ ይላል። ብረት መለኪያ ስለ ቆዳ ምን ያውቃል።

ፓድ ሲወፍር ቀዳዳው ላይ ይጠጋል። ነፋሱ መውጫ ያጣል፤ ድምፁ ይታፈናል፣ ቃናውም ይወርዳል። መድኃኒቱን ሥራው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፦ ከቁልፉ እግር ሥር ያለውን ቡሽ በብርጭቆ ወረቀት ማሳሳት ነው። ቡሹ ሲሳሳ ቁልፉ ከቀዳዳው ይርቃል፣ ድምፁም ይከፈታል። ሲበዛ ግን ቃናው ከቦታው ሽቅብ ይወጣል። ስለዚህ በጥቂቱ ነው። እኔም በጥቂቱ ነው የማሳሳው።

ከኔ በፊት በዚህ ወንበር ላይ የነበረችው ሴት ዓይኗ ሲደክም ወደ ማሸጊያ ክፍል ወረደች። ምሳዋን ብቻዋን ትበላ ነበር። እኔም አጠገቧ ሄጄ አልተቀመጥኩም። ዛሬ ቀኑን ሙሉ እሷን ሳስብ ዋልኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 7

ዛሬም ያው። አራት ሳክስፎን፣ አራቱም የታፈኑ። ቡሹን አሳሳሁ። አሁንም ታፍኗል። እንደገና አሳሳሁ። ጥርት አለ። እጄ ደከመኝ። ዌንደል ከኋላዬ መጥቶ ቆሞ ኖሮ ትከሻዬን ሲነካኝ ልቤ ልትወጣ ነበር። ሰው እንደ ሌባ በእግር ጣቱ ይሄዳል?

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 11

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አዲሱ ሰባኪ ቃላቱን እያኘከ ነው የሚናገረው። ስለ ምን እንደሰበከ ትዊላን ጠየቅኳት። ስለ ይቅርታ ነው አለችኝ። እንዲያ ከሆነ ብዙም አላመለጠኝም።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን ሚስት ግድግዳውን ደበደበች። ቴሌቪዥናችሁ ቤቴ ውስጥ ያለ ነው የሚመስለው ትላለች። ትዊላ ተነሥታ ቀነሰችው። ሲቀንሱት ሰዎቹ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሰው በገዛ ቤቱ ዜና መስማት የማይችልበት ዘመን መጣ።

ትዊላን ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ ፍሎሪዳ ሄዳ ስትቀር አራት ዓመቷ ነበር፤ ዘንድሮ አሥራ ስድስት ሞላት። የምትነፋው ሳክስፎን ቀለሙ ተጭሮ ከፋብሪካው ለሠራተኛ የተሰጠ ነው። በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ፓድ በዚህ እጄ አስቀምጬዋለሁ። የቁራ እግሬ አለበት። ልጅቱ ነፍሷ እዚያ ውስጥ ነው ያለችው። ትምህርት ቤት ስትሄድ ትከሻዋን አጥፋ የምትሄድ ልጅ፣ እሱን አንገቷ ላይ ስታጠልቅ ቀና ትላለች።

በማርች መጨረሻ የአውራጃው ውድድር አለ። ለብቻዋ ትነፋለች፤ ፒያኖ ያጅባታል። የትምህርት ቤቱ የባንድ አስተማሪ ሚስተር ሬድሜከር፣ እዚያ አንደኛ ደረጃ ካገኘች የሙዚቃ ኮሌጁ ሰዎች ይሰሟታል ብሏታል። ሌላ ወሬ የላትም። ዜማው ቀስ ያለ ነው። መሐል ላይ አንድ የግራ እጅ ኖታ ብቻዋን ረጅም ሆና ትቆማለች፤ ፒያኖው ከሥሯ ይገባል። ትዊላ ለዚያች ኖታ ስትል ሌላውን ሁሉ የምትነፋ ይመስለኛል።

ስትለማመድ በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ። የሷም ሳክስፎን መታፈን ጀምሯል። እሱ እንኳ የድሮው ፓድ ነው ያለው። ቆዳው ደርቆ ይሆናል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 15

ሳክስፎኖች ተመለሱ። ከኦሃዮ፣ ከሚሺጋንም። በካርቶን ሆነው ዌንደል ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል። ሳልፍ አየሁ። የቁራ እግር አለባቸው።

ምንም አላለኝም። ለምን ምንም አላለኝም?

ኢልዳ አጠገቤ ተቀምጣ የምትሠራ ሴት ናት፤ ለሃያ ዓመት ክርናችን ተነካክቷል። ዛሬ ከዌንደል ጋር በመጋዘኑ በር ሲንሾካሾኩ አየኋቸው። ስቀርብ ዝም አሉ። የያዝኳት አንዲት ቃል "ወንበሩ" የምትል ናት። ኢልዳ ስትመለስ እየሳቀች ነበር። አንቺ ሴትዮ ፊትሽ ኮምጣጤ የጠጣ ይመስላል አለችኝ። ኮምጣጤውን ማን እንደቀዳው እናውቃለን አልኳት። ሳቋን አቆመች።

ወንበሬን የምትፈልገው እሷ ናት እንግዲህ። ሃያ ዓመት ሳንድዊቼን አካፍያታለሁ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 20

ዌንደል ጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ያንን መርፌ ያለውን የቃና መለኪያ አስቀምጧል። ከተመለሱት አንዱን ሰጠኝ።

"ወይዘሮ ኮምስ፣ እስቲ የግራ እጁን ኖታዎች አንድ በአንድ ይንፉልኝ" አለ።

እስከ ትናንት ቨርዲ ነበርኩ። እስከ ትናንት አንቺ ነበርኩ። ሰው የሚያከብርሽ ሊያባርርሽ ሲል ነው። ሳክስፎኑን ጭኔ ላይ አስደገፍኩት።

ነፋሁ። ድምፁ ቆንጆ ነው፤ ክፍት ነው፤ እኔ ያወጣሁት ድምፅ ነው። መርፌው ግን ወደ ቀኝ ሄደ። የሚቀጥለውን ነፋሁ፤ የባሰ ሄደ። ወደ ቀኝ ሄደ ማለት ቃናው ከቦታው ወጥቷል ማለት ነው። ክፍሉ ስለሞቀ ነው አልኩት፤ ሙቀት ቃና እንደሚያወጣ ሕፃንም ያውቃል። ዌንደል ኮቱን አላወለቀም ነበር።

ቁልፎቹ በጣም ተከፍተዋል አለኝ። ባልከፍታቸው የታፈነ ዕቃ ልታወጣ ነው ወይ አልኩት።  ከዚያ አንድ ነገር ተናገረ፣ ወደ ወረቀቱ አጎንብሶ። ምን አልክ ስለው፣ "ምንም፣ ይሂዱ" አለኝ።

ያ ሰው ያጉረመርማል። የዛሬ ሰዎች ሁሉ ያጉረመርማሉ። ከመሄዴ በፊት የተናገረው ምን እንደነበር እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። እባክዎ ቤት ይቀመጡ ቢሆንስ? ቀን ቆርጦልኝ ቢሆንስ? መልሼ ልጠይቀው እችል ነበር። አልጠየቅኩም። ፈሪ ነኝ።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 23

ማስታወቂያ ለጠፉ። የጆሮ መመርመሪያ መኪናው በማርች ይመጣል። ሁሉም ሠራተኛ ይግባ ይላል። ሳጥን ውስጥ ያስቀምጡሻል፣ ጆሮሽ ላይ ነገር ይጭናሉ፣ ስትሰሚ እጅሽን አንሺ ይላሉ። ባለፈው ጊዜ ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር አልገባሁም። ከዚያ በፊት ደግሞ ሥራ በዝቶ ነበር።

ለኔ ምን ያደርግልኛል። እኔ በጆሮዬ ነው የምኖረው።

እሑድ፣ ማርች 4

ማንቆርቆሪያው ተቃጠለ። ውኃው ሁሉ ተኖ ታችኛው ክፍል ቀልቷል። ትዊላ ከላይ እየሮጠች ወረደች፤ አጠገቡ ተቀምጬ ድንች እየላጥኩ ነበር። ፉጨቱ አልተሰማሽም ወይ እማማ አለችኝ። አልፏጨም አልኳት። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ፉጨቱ ከተበላሸ ቆይቷል። አላመነችኝም መሰለኝ፤ ግን አልተከራከረችም። ይህች ልጅ መቼ ነው ከኔ ጋር መከራከር የተወችው?

ከዚያ ሳክስፎኗን አመጣሁና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ውድድሩ ቀርቧል፤ እንዲህ ታፍኖ እንድትቀርብ አልተዋትም። እሷ ደህና ነው እማማ አለች። ደህና አይደለም አልኳት፤ አንቺ ስለለመድሽው ነው። የግራ እጁን ቁልፎች ቡሽ አሳሳሁ። ነፍታ አሳየችኝ። ገና ነበር። ደግሜ አሳሳሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትነፋ ያቺ ረጅሟ ኖታ እንደ ደወል ጥርት ብላ ወጣች። እንባዬ መጣ። ይኸውልሽ አልኳት፣ ይኼ ነው ያንቺ ድምፅ።

ትዊላ ሳክስፎኑን አገላብጣ አየችው። "እማማ፣ ትንሽ የወጣ አልመሰለሽም?" አለችኝ።

አልወጣም አልኳት። ከዚህ የተሻለ ጆሮ ኤልክሃርት ከተማ ውስጥ የለም አልኳት። እሺ አለች።

ሐሙስ፣ ማርች 8

ሬድሜከር ልጅቱን ትነክሺያለሽ እያለ ነው። የመንፊያውን ሸምበቆ በከንፈርሽ ስለምትጨብጪው ነው ቃናሽ የሚወጣው፣ ፈታ አድርጊው ይላታል። ከንፈሯን ስታላላ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። መንፊያውን ወደ ውጭ ስትስበው ደግሞ የግራ እጁ ኖታዎች ይረጋሉ፣ የታችኞቹ ይወርዳሉ። መንፊያ ሲሳብ ሁሉንም አብሮ ይዞ ነው የሚወርደው፤ አንዱን መርጦ አያወርድም። ይህን ለሬድሜከር ማን ይንገረው።

ትዊላ እራት ላይ ኑድሏን አልበላችም። ታች ከንፈሯ በውስጥ በኩል ቆስሏል።

ረቡዕ፣ ማርች 14

ሌላ ካርቶን ተመለሰ። አንድ ብቻ ነው፤ ያውም ኢልዳ ታምማ በቀረችበት ሳምንት የወጣ። ዌንደል ለኔ ሳይሆን ለኢልዳ ነው ያሳያት። ምን አገናኛት?

ሰኞ፣ ማርች 19

መኪናው መጣ። ረጅም ነጭ ነው፤ ከመጋዘኑ ጎን ቆመ። ስም እየጠሩ ያስገባሉ። የኔን ስም ሲጠሩ በመጋዘኑ ውስጥ የቡሽ ሣጥን እየፈለግኩ ነበር። ከዚያም ሌላ ሣጥን ፈለግኩ። ስወጣ መኪናው ሄዷል።

ኢልዳ ከበሩ ውጭ ቆማ ነበር። "አንቺ ቡሽ ስትፈልጊ ጺም አበቀልሽ" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር አለች፤ ከንፈሯን አየሁ፤ አልያዝኩትም። ሳቅኩ። ሰው የሚያወራውን ሳትይዢ ስትቀሪ መሳቅ ይሻላል። ኢልዳ ግን አልሳቀችም። የሚያስቅ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ፈራሁ። ከምን እንደሆነ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ ማርች 24

ውድድሩ ዛሬ ነበር። እንደሆነው ሁሉ እጽፈዋለሁ።

ጎሸን ወዳለው ትምህርት ቤት በማለዳ ነዳን። ትዊላ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ነበር። መንገድ ላይ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፤ የመኪናው ማሞቂያ ይጮኻልና ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሦስተኛ ላይ "ተዪው እማማ" አለችና በመስኮት ማየት ጀመረች። ምን እንደነበር እስካሁን አላወቅኩም።

ውድድሩ በሂሳብ ክፍል ውስጥ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን እንኳ አላጠፉትም። ዳኛው ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ሰውዬ ነው። ሃያ የምንሆን ተቀምጠናል። እኔ ከፊት ነበርኩ። ትዊላ ፒያኖ ከምትመታላት ሴት ጋር ቃናዋን አስተካከለች፣ መንፊያውን ገፋች፣ ሳበች፣ ደግሞ ገፋች። የፒያኖዋ ሴት ያችን አንድ ድምፅ ደጋግማ መታችላት። ከዚያ ጀመሩ።

እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ሲነፋ ሰምቼ አላውቅም። ጥርት ያለ፣ ክፍት፣ ምንም የማያግደው። ረጅሟ ኖታ ስትደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። ኩራት ደረቴን ሊቀደው ነበር። በእጄ የሠራሁት ነው እያልኩ ነበር፣ በእጄ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፊቷን ጨምድዳ ወደ ጣሪያ አየች። ጥርሷን አሟት ይሆናል አልኩ። ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፤ እናቱ ጎሸመችው። ትዊላ ዓይኗ ተከፍቶ ነበር። ስትነፋ ሁልጊዜ ትከድነው ነበር። እኔን ታየኝ ነበር፤ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው ዳር የቆመውን እንደሚያየው።

ሲያልቅ አጨበጨብኩ። ብቻዬን ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ ሌሎቹም አጨበጨቡ።

ዳኛው መነጽሩን አወለቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ቃል በቃል ሰማሁት።

"ልጄ፣ ጥሩ ትንፋሽ አለሽ፤ ልብም አለሽ። ግን ራስሽን አትሰሚም። ፒያኖው ሌላ ቦታ ነው፣ አንቺ ሌላ ቦታ ነሽ፣ ይህንንም አላወቅሽም። ጆሮ ደግሞ እንደ ጣት አይለማመዱትም፤ ወይ አለ ወይ የለም።"

ትዊላ አመሰግናለሁ ብላ ሳክስፎኑን ከአንገቷ አወለቀች። ሦስተኛ ደረጃ ሰጧት።

ወደ ቤት ተመለስን። ከተማው ዳር ስንደርስ መኪናዋን አቆመች፤ እሷ ነበረች የምትነዳው። ፊቷን ወደ ፊቴ አዙራ፣ ዘንድሮ እንደለመደችው ቃላቱን ቀስ እያለች ለየች።

"ሰውዬው እውነቱን ነው። የወጣ ይመስለኝ ነበር፤ አንቺ አልወጣም አልሽ። አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ጆሮ የለኝም ማለት ነው።"

መልስ ነበረኝ። አፌ ላይ ነበር። ዳኛው ደደብ ነው አልኳት። ሌላውን ዋጥኩት።

ሰኞ፣ ማርች 26

ሳክስፎኑ አልጋ ሥር ነው። ልምምድ አልሄደችም። ሬድሜከር ስልክ ደወለ፤ ስልኩ ላይ ድምፁ አሸዋ ነው፤ እሺ እሺ ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ በሥራ ላይ አንድም ሳክስፎን አላሳለፍኩም። እያነሣሁ አስቀመጥኩ። ሁሉም የታፈነ ነው። ብርጭቆ ወረቀቱን ይዤ ቡሹ ላይ አስጠጋሁና እጄ አልሄድ አለኝ። ዌንደል ከሩቅ ያየኝ ነበር።

ወፍራም ፓድ ነው። ወፍራም ፓድ ነው። ወፍራም ፓድ ነው።

ረቡዕ፣ ማርች 28

ዛሬ የጸደይ የመጀመሪያው ለብ ያለ ምሽት ነው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ትንንሾቹ እንቁራሪቶች ይጮኻሉ፤ ጣት የማያህሉ ናቸው፣ ጩኸታቸው ግን እንደ ፉጨት ቀጭን ሆኖ ጆሮ ይበሳል። ዘንድሮ ግን አልመጡም። ዓምናም እምብዛም አልነበሩም። ፋብሪካዎቹ የሚደፉት ነገር ጨርሷቸዋል ብዬ ለኢልዳ ባለፈው ሳምንት ነግሬያታለሁ፤ እሷ ሳንድዊቿን ስታኝክ ቆየችና ምናልባት አለችኝ።

ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ትዊላ ገብታ መስኮቱን ዘጋችው። ለምን ዘጋሽው፣ አየሩ ደህና ነው አልኳት።

ትከሻዋን ነቀነቀች። "ከመጡ ጀምሮ ለሰው ዕረፍት አልሰጡም። ራሴን አዞሩት፣ እነዚህ እንቁራሪቶች።"

ሳህኑን ማጠቤን ቀጠልኩ። ንጹሕ ነበር፤ ማጠቤን ቀጠልኩ። ወጥታ ስትሄድ መስኮቱን መልሼ ከፈትኩት። ጭንቅላቴን አወጣሁ። ነፋሱ ፊቴን ነካኝ። የመኪና ድምፅ ሰማሁ፣ የጭነት መኪና፣ ከድልድዩ በኩል። የጎረቤቱን ውሻ ሰማሁ። ሌላ ምንም የለም። ረግረጉ እንደ መቃብር ጭጭ ብሏል። መስኮቱን ዘጋሁት። ከፈትኩት። ሲዘጋም ሲከፈትም ያው ነው።

ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 1

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ትዊላን ሳክስፎኑን አምጪ አልኳት። አልፈልግም አለች። ሸጬ ድንች ልግዛበት ወይ አልኳት፤ አምጥተሽ ስጪኝ። አምጥታ ጠረጴዛው ላይ እንደ ሬሳ አጋደመችው።

ካቻቢቴዬን፣ ሙጫውን፣ የወፍራም ቡሹን ቁራጭ ዘረጋሁ። ከላይኛው ቁልፍ እግር ሥር ያሳሳሁትን ፍቄ አወጣሁና አዲስ ለጠፍኩ። "ንፊ" አልኳት። "ከታች ጀምረሽ ውጪና እዚህ ስትደርሺ ንገሪኝ። እኔ አልፈርድም። አንቺ ነሽ የምትፈርጂው።"

"ጆሮ የለኝም ብዬሽ የለ።"

"ባለፈው ወጥቷል ያልሽው ማነሽ? ዳኛው ነበር? አንቺ ነሽ። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ። እኔ አልወጣም ያልኩሽ ቀን።"

አየችኝ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አየች፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲፈርስ አየሁ፤ ሌላ ነገር ደግሞ ቦታው ሲገባ።  ሳክስፎኑን አንገቷ ላይ አጠለቀች።

ነፋች። አሁንም ወጥቷል አለች። ቡሹ ላይ አከልኩ። ነፋች። ትንሽ ቀርቶታል አለች። አከልኩ። ነፋች። "አሁን ወረደ፣ ከመጠን በላይ ተጠጋ።" በብርጭቆ ወረቀት አንድ ጊዜ ብቻ ዳበስኩት። ነፋች። ዓይኗን ከደነች።

እኔ የሰማሁት ብርድ ልብስ የለበሰ ድምፅ ነው። የታፈነ፣ የራቀ፣ ከግድግዳ ማዶ ያለ። እጄ ካቻቢቴውን ለማንሣት ራሱ ሄደ፤ በሌላው እጄ ያዝኩት። አጠገቧ ተቀምጬ የታፈነ ድምፅ ስሰማ፣ ልጅቱ ፊቷ እየበራ ሄደ። ያቺን ረጅሟን ኖታ ያዘቻት፣ ያዘቻት፣ አልለቀቀቻትም። ጎረቤታችን ግድግዳውን አልደበደበችም።

"ይኸው ነው እማማ። ይኸው ነው" አለች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያሳየችኝ ነው ያለችው።

ሌሎቹንም ቁልፎች እንደዚያው አደረግን። ምሳ ሳንበላ መሸ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 3

ትናንት ጠዋት ዌንደል ቢሮ ገባሁ። ወንበሩን ለኢልዳ ስጣት አልኩት። እኔ ወደ ፓድ መለጠፊያው ጠረጴዛ ልውረድ፤ እዚያ ሙጫ ማቅለጥና በአምፖሉ ብርሃን ማየት ነው፤ ለዚያ ዓይኔም ጣቴም አለኝ። ዌንደል ተቀመጠ፣ ተነሣ፣ እንደገና ተቀመጠ። "ቨርዲ፣ እኔ እኮ ልጠይቅሽ ስፈራ ነው የከረምኩት" አለኝ። ጮክ ብሎ ነው የተናገረው። ያ ሰው መጮኽ ይችል ነበር ለካ።

ኢልዳ ዕቃዋን ልታዛውር ስትመጣ አናግሬያት እንደማላውቅ ሆኜ ቆምኩ። እሷ ግን ወደ ቀኝ ጆሮዬ ተጠጋችና ሙጫ ያጠነከረውን ጣቷን አሳየችኝ።

"ጓደኛዬ፣ ከጃንዋሪ ጀምሮ ምሳዬን ትቼ አንቺ ያሳሳሽውን ቡሽ ስመልስ ኖርኩ። የቀሩት በታመምኩበት ሰሞን ያመለጡኝ ናቸው። ዌንደልን ወንበርሽን እንዳይነካብሽ ስለምነው ነበር፤ አንቺ ደግሞ ኮምጣጤ ቀዳሽልኝ አልሽኝ።"

ማን ለምኖሽ ነው አልኳት። ልትስቅ ነው ብዬ ነበር፤ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም። ሰው ሳላውቅ ሲሸፍንልኝ መክረሙን ገና አልወደድኩትም። ምሳ ላይ ግን የመለጠፊያው ጠረጴዛ ዘንድ ሳንድዊቿን ይዛ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። ተነሺ አላልኳትም።

የጆሮ መመርመሪያው መኪና በሜይ ይመለሳል አሉ። ስሜ ሲጠራ ቡሽ አልፈልግም።

ትዊላ ማታ ስትለማመድ ነበር። የኮሌጁ ሰዎች ዘንድሮ አይሰሟትም፤ ከርሞ እንደገና ትሞክራለች። ሬድሜከር መንከሷን ትታለች እያለ ይኩራራል፤ ይኩራራ።

ዌንደል ሹክን ይቅር አላልኩም። ሣጥኑን ባይለውጥ ኖሮ ሰበብ አላገኝም ነበር፤ ሰበብ ያስቀመጠልኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሙ እንደተጻፈ ይቆይ። የቁራ እግሬን የምጭርበትን ስል ብረት ግን ዛሬ ከመሣሪያዎቼ ጋር ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ በማንም ሳክስፎን ላይ አልጭርበትም። ከእንግዲህ ድምፁ ታፈነ ብዬ ቁልፍ አላነሣም።